የቢጫዋ አውሮፕላን ሙዚቃ

ባለፈው ኅዳር ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስወርድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጨፋ ላይ ጎማው ተንፍሶ ቆመ፤ ሾፌሩና ረዳቱ ክሪክ ፍለጋ ወንበሩን ሁሉ ሲገለብጡ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ማሳው ዳር ወረድኩ። ማሽላው ራሱን ደፍቶ፣ አየሩ የደረቀ አገዳና የሞቀ አፈር እየሸተተ፣ አንዱ ገበሬ በማሳው ላይ ሲባጎ ወጥሮ አሮጌ ሲዲዎችን እንደ ልብስ አስጥቷቸዋል። ነፋስ ሲነካቸው እየተሽከረከሩ የፀሐዩን ብርሃን ወዲህና ወዲያ ይረጩታል፣ ግሪሳውም ከብልጭታው እየሸሸ ወደ ጎረቤት ማሳ ይገለበጣል። ቀረብ ብዬ አንዱን ገልበጥ አድርጌ ባየው የሙሽራና የሙሽሪት ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። የሰው ሠርግ ወፍ ሲያባርር አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ ግን ያ ቀጭን ብልጭታ ይዞኝ ሄደና አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ የወንድሜ የእንድሪስ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቀመጠኝ።

ጊዜው ከሚሌኒየሙ በዓል ቀጥሎ ያለው ዓመት ነው፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ደሴ ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ነበር። ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ለመምህራን ፈተና ያባዛል፣ ለሙሽሮች የጥሪ ካርድ ያትማል፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ቤቷ የእኔና የሰፈሩ ልጆች መዋያ ናት። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ሥር መዋል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አንድ ቬንትሌተር ነበረችን፤ እሷም ፊቷን ያዞረችው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ ነው፤ እንድሪስ «እናንተ ብትታመሙ ጤና ጣቢያ አለ፣ እሱ ቢታመም ግን ደሴ ድረስ ነው» ይለን ነበር። መብራት በፈረቃ ነበርና በርቶ በዋለ ቀን በላብ እየተጠመቅን እንኳ ከዚያች ክፍል የሚያስወጣን አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ከሰሜን ሸዋ ለአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ንብረት ክፍል ተቀጥረው መጥተው፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ኦሮምኛውን ከነቀልዱ ለምደውታል። ጠዋት በደጃችን ሲያልፉ እናቴን «አካም ቡልተን?» ይሏታል፣ እሷም በአማርኛ «ደህና አደሩ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ትመልስላቸዋለች፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቋንቋ ካልተናገረለት ሰላምታው የሞላ አይመስላቸውም ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዓይናቸው ደህና ነበር። ከዚያ ግላኮማ የሚሉት በሽታ ያዛቸውና ዳር ዳሩን እየበላ፣ እየበላ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ብርሃናቸውን ጨርሶ ወሰደው።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች አንድ ካርቶን ተሸክመው ወደ እንድሪስ ቤት መጡ። ቤታቸውን ሸጠው ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነውና እቃ እያጠሩ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የተጠላለፈ ሽቦ፣ አቧራ የጠጣ ኪቦርድና አንድ ሲዲ አለ። ሲዲው ላይ ቢጫ አውሮፕላን ተስሏል፤ ትንሽ፣ ሆዷ ወፍራም፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ። ጋሽ ታደሰ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሳሉ በምሳ ሰዓት ይጫወቷት የነበረች ጨዋታ ናት፣ ለልጆቹ ትሁን ብለዋል አሉን።

ጨዋታዋ ግን አሮጌ ናት፣ የእንድሪስ ኮምፒውተር ደግሞ ለእሷ አዲስ ነው፤ አስገብተን ስንከፍታት ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እንድሪስ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጓደኛውን ጠይቆ ኢሙሌተር የሚባል ነገር በፍላሽ አመጣ። «አዲሱን ኮምፒውተር አሮጌ ነኝ ብሎ እንዲያስመስል የሚያደርግ ፕሮግራም ነው» ብሎ አስረዳን። በሲዲው ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ፣ አንዳንድ ትእዛዝ ጽፎ፣ ቁልፉን ሲጫን ቢጫዋ አውሮፕላን ከነሆዷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች! ያን ቀን የጮኽነው ጩኸት መናኸሪያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

አውሮፕላኗ የፖስታ ከረጢት ይዛ በሰባት አገሮች ላይ ትበራለች፦ ባሕር፣ ጫካ፣ ወንዝ ያለበት ተራራ፣ በረሃ፣ በረዶ፣ ከተማ፣ በመጨረሻም ደመና። ወደፊት ራሷ ትሄዳለች፤ የኛ ሥራ በአራቱ ቀስት ቁልፎች ከቋጥኝና ከድልድይ ማዳን ብቻ ነው። ሞተሯ ዝዝዝ ይላል፣ ስትጋጭ ቧ ትላለች፣ እኛም አብረን ቧ እንላለን። ከዚህ የበለጠ ደስታ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ጋሽ ታደሰ መሥራቷን ሰምተው በዘንጋቸው እየተመሩ መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ትንሽ አዳመጡና ፊታቸው ግራ ተጋባ።

«ሙዚቃውን ለምን ዘጋችሁት?»

«ምን ሙዚቃ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«የጨዋታዋን ሙዚቃ ነዋ! ለየአገሩ የየራሱ ሙዚቃ አለው። ተራራው ላይ ዋሽንት የመሰለ ይገባል። እሱ ከሌለማ ምኑን በረራ ሆነ?»

እንድሪስ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው፤ የጨመረው ዝዝዝ ብቻ ነው። ከልጆቹ አንዱ ወደ ጓደኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ዓይናቸው ሲሄድ ሐሳባቸውም አብሮ ሄዷል መሰለኝ አለ። በሹክሹክታ ነበር፤ ግን ዓይነ ስውር ሰው ባለበት ቤት ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ታደሰ ዘንጋቸውን ፈልገው አነሡና «ይሁን፣ ልጆች፣ ተጫወቱ» ብለው ወጡ። እኔን የቆረጠኝ የልጁ አነጋገር አልነበረም። እኔም ልክ እሱ ያለውን እያሰብኩ ነበር። ሲወጡ ጀርባቸውን አይቼ ፊቴ በእፍረት ነደደ፤ ሙዚቃው ካለ ከመሬት ቆፍሬም ቢሆን አወጣዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄዱ የቀራቸው ሦስት ሳምንት ነው።

ፍለጋው ተጀመረ። ስፒከሩን ነቅለን ሰካን፣ ሽቦውን ጠመዘዝን፣ የጎረቤት ስፒከር ለምነን ሞከርን። የጨዋታዋን ማስተካከያ ከፍተን ብናይ ሙዚቃው ከየት እንዲመጣ እንደምንፈልግ ይጠይቃል፤ ከሲዲ የሚለውን መረጥን፣ ዝም። እንድሪስ የገለበጠውን ፋይል በሙሉ አንድ በአንድ ከፍቶ ፈተሸ፤ የአውሮፕላኗ ቧ አለ፣ የሞተሩ ዝዝዝ አለ፣ ዘፈን የሚመስል ፋይል ግን አንድም የለም። «ሐዩ፣ እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ሙዚቃ የለም። ወላሂ የለም» አለኝ። ሲዲውን ይዤ ወጣሁ። ለምን እንደያዝኩት ራሴም አላውቅም፣ እጄ ላይ ሆኖ ሳየው ውስጡ የሚታየኝ መስሎኝ ይሆናል።

መንገዴ በኦቦ አሊ ጁስ ቤት በኩል ነው። ኦቦ አሊ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ነበራቸው፤ ቀኑን ሙሉ መንዙማ ሲያጫውቱ ይውላሉ፣ ሰውም ማንጎውን እየጠጣ ራሱን ይወዘውዛል። ያኔ ነው አንድ ሐሳብ ድንገት የመጣልኝ። ጋሽ ታደሰ ለየአገሩ የየራሱ አለው ነበር ያሉት፣ ልክ እንደ ዘፈን ሲዲ! ገባሁና ለመንኳቸው።

«መሊ ኩን? ምንድን ናት? ፊልም ናት?» አሉ ሲዲዋን ከሩቅ እያዩ።

«የአውሮፕላን ጨዋታ ናት፣ ኦቦ አሊ። አንዴ ብቻ ልሞክራት።»

«ዲቪዲዬ ከተበላሸች አባትሽ ዘንድ ነው የምመጣው፣ ስሚ!» አሉና መንዙማውን እያጉረመረሙ አወጡልኝ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ጥግ ላይ አንድ ቁጥር ወጣች፤ ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን የለም። ጠጪዎቹ አፈጠጡብኝ። ኦቦ አሊ እጃቸውን ወደ ማጫወቻው ሲሰነዝሩ እኔ ፈጥኜ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሁለት ቁጥር መጣች። ከዚያ ከበሮ፣ ከከበሮው ኋላ ክራር የመሰለ፣ ከዚያ ማዕበል የሚመስል ሞቅ ያለ ሙዚቃ ጁስ ቤቱን ሞላው! አንድ ሽማግሌ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «የየት አገር መንዙማ ነው?» ሲሉ እሰማለሁ፣ ግን ለመመለስ እዚያ አልነበርኩም፤ እየሮጥኩ ነበር።

ጋሽ ታደሰ በታሰረ እቃ መካከል ተቀምጠዋል። ትንፋሼን ሳልሰበስብ «ጋሼ! ሙዚቃው አለ!» አልኳቸው። ዘንጋቸውን እንኳ አልፈለጉም፤ ትከሻዬን ያዙና ወጣን፣ እሳቸው ናቸው እኔን የሚያስሮጡኝ። ጁስ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አንዱ ሙዚቃ አልቆ ሌላው እየጀመረ ነበር። በሩን ተደግፈው ቆሙ። «ይሄ ተራራው ነው» አሉ በዝግታ። «አሁን ወንዙ ይመጣል። በግራ ቋጥኝ፣ ከዚያ ድልድይ . . . ስሙ፣ ስሙ፣ ዋሽንቱን!» ዋሽንቱ ገባ። ጁስ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣቸው ጀመር። አራቱንም የቀሩትን አገሮች፣ በረሃውን፣ በረዶውን፣ ከተማውን፣ ደመናውን፣ ሙዚቃው እየመራቸው ተረኩልን፤ የስክሪኑን ጥቁርነት የረሳነው ሁላችንም ነበርን። ሲያልቅ ኦቦ አሊ ማንጎ ጨምቀው እጃቸው ላይ አኖሩላቸውና «ማሻአላህ፣ ይሄን ሁሉ አገር ዞረዋል?» አሏቸው። ጋሽ ታደሰ ሳቁ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ስንመለስ ግን አንድ ነገር አሉኝ። «ደስ ብሎኛል፣ ሐያትዬ። ብቻ ሞተሯ ከሥሩ ቢኖር . . . አንድ ጊዜ አብረው ብሰማቸው።»

ለእንድሪስ ስነግረው ግንባሩን በመዳፉ መታ። ነገሩ ገባው። ሲዲው ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ፤ መጀመሪያው ክፍል ጨዋታው፣ ፋይል ሆኖ የሚገለበጥ፤ ቀሪው ደግሞ ፋይል ያልሆነ፣ እንደ ዘፈን ሲዲ ተራ በተራ የተቀረጸ ሙዚቃ። እኛ ፋይሉን ገልብጠን ሙዚቃውን ሲዲው ላይ ትተነዋል፤ ጨዋታዋ ደግሞ እስካሁን ድረስ ሲዲው ውስጥ እየፈለገችው ነው! ታዲያ ሲዲውን አስገብተን ለኢሙሌተሩ ሙዚቃውን ከዚህ ውሰድ ብንለውስ? ሞከርነው። የኛ የሲዲ ማንበቢያ ግን አቧራ የጨረሰው ነበር፤ ሁለት ስንኝ ይጫወትና እንደ አስም ታማሚ ያስላል፣ አውሮፕላኗም አብራው ትደነቅፋለች።

ስለዚህ ሲዲውን ቁርጥራጭ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ፣ ከነሙዚቃው፣ በአንድ ትልቅ ፋይል መቅዳት አስፈለገ። ደህና ማንበቢያ ያለው ያ የኮምቦልቻው ጓደኛ ነው። እንድሪስ ማልዶ በአውቶቡስ ሄደ፣ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ መጣ። ከፈትነው፤ ዝዝዝ ብቻ። ጓደኛው ልምድ ሆኖበት የቀዳው የጨዋታውን ክፍል ብቻ ነው። እንድሪስ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ሄደ። አሁን ሁለት ፋይል ይዞ መጣ፤ አንድ ግዙፍ፣ ሲዲው እንዳለ የተቀዳበት፣ አንድ ደግሞ ከአንድ ገጽ የማትበልጥ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል፣ የትኛው ሙዚቃ የት ላይ እንደሚጀምር የምትነግር። ጓደኛው ለኢሙሌተሩ ትንሿን ስጠው ብሎታል። ሰጠነው። ጨርሶ አልከፍትም አለ! ዝዝዟም ጠፋች። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። እንድሪስ ትእዛዙን መቶ ጊዜ ጻፈው፣ የቀሩን ቀናት ስድስት ሆኑ፣ እትዬ አስናቀች ድስቶቻቸውን ሳይቀር ማሠር ጀመሩ።

ሐሙስ ቀን ነው፣ የቀትሩ የዙህር አዛን ሲል እንድሪስ «እኔ ደክሞኛል፣ ሐዩ፣ ተይው» ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ቬንትሌተሯ ኮምፒውተሩን ታራግባለች። ትንሿ ፋይል ጽሑፍ ናት ተብሏል እንጂ ማንም ከፍቶ አላነበባትም፤ ማንበብ ደግሞ እኔ የምችለው ሥራ ነው። ከፈትኳት። ሥር ሥሩን ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት እያለ እስከ ስምንት ይወርዳል፣ ቁጥር ብቻ። ከላይ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ግን የአንድ ፋይል ስም አለ፣ ሲነበብ ምንም ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር። እንዲህ የሚባል ፋይል እኛ ጋ የለም፤ ያለው «ቢጫዋ» የሚባል ነው። ትንሽ ቆይቼ ነገሩ ገባኝ። እንድሪስ ነው! ለስሙ ብሎ፣ እንዲያምር ብሎ፣ ትልቁን ፋይል ቢጫዋ ብሎ ሰይሞታል፤ ትንሿ ደግሞ በድሮ ስሙ እየጠራችው አቤት የሚላት አጥታ ነው! ስሙን አጠፋሁ፣ በቦታው «ቢጫዋ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ከፈትኩ።

ዝዝዝ። ከዝዝዙ በላይ ደግሞ ከበሮው፣ ክራር የመሰለው፣ ማዕበሉ!

የጮኽኩትን ጩኸት መስጊድ ያሉት ሳይሰሙት አልቀሩም። እንድሪስ አንድ ጫማ እግሩ ላይ፣ አንዱን በእጁ ይዞ ደረሰ፣ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት። በሩ ላይ ሲሰማው ጫማውን ወርውሮ አቀፈኝና ያ ሁሉ ምልልስ በእሱ ስም አወጣጥ መምጣቱን ስነግረው እንኳ አልተቆጣም፤ «ስሙ ግን አያምርም?» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት የኛ ተራ ነበር። ጋሽ ታደሰ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ እትዬ አስናቀችን ይዘው መጡ። ልጆቹ ሁሉ አሉ፣ ኦቦ አሊ ሳይቀሩ ጁስ ቤቱን ለሰው አደራ ብለው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ተራራውን ከፍቼ መብረር ጀመርኩ። ጋሽ ታደሰ ለጥቂት ጊዜ በደስታ ፈገግ ብለው ቆዩና ድንገት እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይቺ አውሮፕላን ታነክሳለች። ድልድዩ ጋ ደረስሽ?»

«ገና ነኝ፣ ጋሼ።»

«ዋሽንቱ ግን ገባኮ! ድልድዩና ዋሽንቱ እኩል ናቸው።»

እኛ ባለዓይኖቹ ያላየነውን እሳቸው ሰሙት። ሙዚቃው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ጨዋታው ግን ኢሙሌተሩ ውስጥ ከድሮው ኮምፒውተር ይልቅ ዘገም ብሏል። እንድሪስ ፍጥነቱን የሚጨምሩትንና የሚቀንሱትን ቁልፎች ያውቃቸው ነበር። ያዛቸውና ጋሽ ታደሰ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ አይሱዙ እንደሚያስቆም ሰው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ አዘዙት። «ጨምር . . . ጨምር . . . ኧረ በዛ፣ መልስ! ትንሽ . . . እዚያ ላይ! እዚያ ላይ ተዋት!» ሁለተኛ በረርኩ፤ ዋሽንቱ ሲገባ አውሮፕላኗ ልክ የድልድዩ ሥር ነበረች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«እስቲ እኔን አስቀምጡኝ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ተነሥቼ ወንበሩን ሰጠኋቸው፤ ጣቶቻቸው ኪቦርዱን ዳበሱና ቀስቶቹን አገኟቸው። ተራራውን ከመጀመሪያው ከፈትኩላቸው። ሞተሩ ዝዝዝ አለ፣ ከበሮው ተመታ። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ጣሪያው አዙረው፣ በከበሮው ምት ቆጠሩና ወደ ቀኝ ተጫኑ። የግራው ቋጥኝ በጎን አለፈ። ከፍ፤ ዛፎቹ ከሥር አለፉ። ልጆቹ አፋቸውን ይዘዋል፣ ያ ያንሾካሸከው ልጅ የቬንትሌተሯን እግር ጨብጦ ደርቋል። ዋሽንቱ ሊገባ ሲል ጋሽ ታደሰ ወደ ታች ተጫኑ፣ አውሮፕላኗ ከድልድዩ ሥር ሾለከች፣ ውኃውን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ቀና አደረጓት። ከዚያ በኋላ ጩኸታችንን ማፈን አልተቻለም። «ይብረሩ፣ ጋሼ!» «አብሽሩ!» ኦቦ አሊ በኦሮምኛ ይጮኻሉ፣ እንድሪስ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። የመጨረሻዋ ገደል ላይ የክንፏ ጫፍ ነክታ ጭረት የመሰለ ድምፅ አሰማች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አውሮፕላኗ ሜዳው ላይ እየተንከባለለች ነበር።

«ደረስኩ?»

«ደረሱ፣ ጋሼ! ፖስታውንም አደረሱ!»

ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ያ ልጅ ቀረብ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ድምፁን ሳይሰሙ እንዴት እንዳወቁት አላውቅም፣ ራሱን ዳበስ አደረጉትና «ና፣ በረሃውን ደግሞ ላሳይህ» አሉት።

በአራተኛው ቀን ሄዱ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት የእንድሪስ ሞባይል ጮኸ፤ ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ከብርዱ አገር። ሰላምታው በየቤቱ ዞሮ ካለቀ በኋላ «ሐያትዬ፣ ስልኩን ስፒከሩ ላይ አስጠጊልኝና ብረሪ» አሉኝ። በረርኩ። ከዚያ ወዲያ መብራት ባለበት ቅዳሜ ሁሉ ይደውላሉ፣ አንዱን አገር ብቻ ሰምተው «አሁን ዞርሽ፣ ጎሽ» እያሉ ይዘጋሉ። ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቅዳሜ አልደወሉም። በሁለተኛው ቅዳሜ እንድሪስ ደወለ፣ እትዬ አስናቀች አነሡት፣ እሱም ሲያዳምጥ መርዶውን ከፊቱ ላይ አነበብኩት።

ዛሬ እንድሪስ ጅዳ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ክፍል የሞባይል ሽፋን ይሸጥባታል፣ ኦቦ አሊም ጁሱን ለልጃቸው ትተዋል። እኔ ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጨዋታዋ እንዳለች ላፕቶፔ ውስጥ አለች፤ ሙዚቃው አሁን ያለ ምንም ልፋት፣ ጠቅ ሲደረግ ይመጣል፣ ለመምጣቱም የሚጮኽ የለም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን አንዳንድ ቀን ተራራውን ከፍቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የመጀመሪያውን ቋጥኝ አልፌ አውቃለሁ፣ አንዴ ዛፎቹንም። ዋሽንቱ ሲገባ ግን ሁልጊዜ ድልድዩ ላይ ነኝ፣ ቧ። ከበሮውን ከየትኛው ምት ጀምረው እንደሚቆጥሩ ያን ሁሉ ቅዳሜ በስልክ ስንነጋገር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።